ቅዳሜ ስትደውል

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 14

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም በአቧራው ውስጥ ትስላለህ? እኛ ደህና ነን። "ደህና ነን" ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ልሰርዘው ነበር፤ ደብዳቤ በስርዝ አይጀመርም ብዬ ተውኩት። አንተ ግን ሙሉ በሙሉ አትመነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ያ የጭነት መኪና ሾፌር ጓደኛህ ነው። ያን የሻይ ወሬ ያደረሰልህ እሱ ስለሆነ ደብዳቤውንም እሱ ያድርስ ብዬ ነው። ነገ ማለዳ ከማተሚያ ቤቱ መጽሐፍ ጭኖ በእናንተ የመንገድ ሥራ ካምፕ በኩል ያልፋል፤ ሐሙስ እጅህ ይገባል ብሎኛል። ፖስታውን በደንብ አሽጌዋለሁ። ቅዳሜ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተህ ከመደወልህ በፊት እንድታነበው ስለፈለግኩ ነው እንዲህ የቸኮልኩት። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን በስልክ "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ስትለኝ እየሰማኸኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደግሞ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሙሽሪት ትሰማለች። አዎ፣ ሚስትህን አሁንም ሙሽሪት ነው የምላት፤ ወልዳም አልለቀቃትም።

ድንቡሼ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ሰው ስታይ ትስቃለች፤ እግሯን ይዛ ወደ አፏ ትወስዳለች። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ድንቡሼ ብዬ ስጠራት ጉንጯን አይና ልቤ ይሰጋል።

ሙሽሪት ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። አንተ ወደ ካምፑ የሄድከው እሷ ገና ቤት ሳለች ስለሆነ፣ ቀኗ እንዴት እንደሚውል አታውቅም። የማያውቅ ሰው ላይ አልፈርድም። እኔ ልንገርህ።

ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ድንቡሼን ታጠባለች። ከዚያ ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ በሩ ላይ ቆማ እንደገና ታጠባታለች። "ይሄ ለመንገድ ነው" ትላለች። ለማንኛቸው መንገድ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ቦርሳዋ ውስጥ የጡት ወተት ማለቢያዋ አለ፤ በእጅ የሚጨመቅ፣ ሲጨመቅም ዘይት እንዳልነካው በር ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ነው። መጀመሪያ "ሥራ ቦታ እያለብኩ አመጣለሁ" ስትለኝ ደነገጥኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ላም አታድርጊ" አልኳት።

"ላም ብሆንማ እማማ፣ መስክ ላይ ጋደም ብዬ እውል ነበር፤ ማጠፊያ ማሽን ላይ ተገትሬ አልውልም" አለችኝ።

ሥራዋን ታውቀዋለህ፤ ትልልቁን የታተመ ወረቀት የሚያጣጥፈው ማሽን ላይ ናት። ማሽኑ የበላውን ወረቀት ማታ ታመጣልኛለች። አንዱ መጀመሪያ የለውም፣ ሌላው መጨረሻ የለውም፤ እኔ ግን እንዳገኘሁ አነባለሁ። በስተርጅና ፊደልን ከዱቄት ከረጢትና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የለቀመ ሰው መጽሐፍ አያማርጥም።

በምሳ ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ታልብ ነበር። ክፍሉን አንዴ አሳይታኛለች። ገና ያልታተመ ወረቀት እስከ ጣሪያ ተደርድሮ የማሽኑ ጩኸት እንኳ አይገባም፤ ለጆሮ እረፍት ነው። ቁልፉን የፈረቃ አለቃው ሰጥቷት ነበር። ያለበችውን በብልቃጥ አድርጋ ሠራተኞቹ ሻይ የሚጠጡበት ክፍል ያለው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከኋላ ትደብቀዋለች። ማታ ይዛው ትመጣለች፤ በማግስቱ እኔ ሙቅ ውሃ ውስጥ አኑሬ አሞቀውና ለድንቡሼ በጡጦ እሰጣታለሁ። መጀመሪያ አፏን ግጥም አድርጋ እምቢ ብላኝ ነበር። የሙሽሪትን የቤት ልብስ ስለብስ ግን ሽታው አታለላትና ጠባች። ስለዚህ ጠዋት እሷ ስታወልቅ እኔ እለብሳለሁ። ሰፍቶኛል፤ አበባው ደግሞ ለዕድሜዬ አይሆንም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሳቀቃለሁ።

አሁን ወደ ሻዩ ልምጣ። ሾፌሩ ለሳቅ እንዲመች አድርጎ ነው የነገረህ።

ያን ቀን ሙሽሪት ወተቷን አልባ ከመጋዘኑ ስትወጣ ማሽኗ ወረቀት ጎርሶ ቆሟል፤ "ነይ! ቶሎ ነይ!" እያሉ ይጮኹባታል። ብልቃጡን ከኋላ መደበቋን ትታ ፍሪጁ በር ላይ ሰክታው ሮጠች። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ደግሞ ዓይኗ ደከም ያለ ነው፤ ያን ጠዋት ወተት አላመጡላትም። እዚያ ቤት ሻዩን በወተት የሚጠጣው አለቃው ብቻ ነው። ፍሪጁን ከፈተች፣ ወተት አየች፣ "ተመስገን" ብላ አፈላችለት።

አለቃው ቀመሰና "ዛሬ ሻይሽ እንዴት ጣፈጠ! ስኳር እንኳ አልጨመርኩበትም" አላት። ድገሚኝ ብሎ ሁለተኛ ጠጣ።

ማታ ሙሽሪት ፍሪጁን ብትከፍት ባዶ ነው። "እትዬ፣ እዚህ የነበረው ብልቃጤስ?"

"ውይ፣ ያንቺ ነበር እንዴ ወተቱ? ለአለቃ አፈላሁለት እኮ። አትቀየሚኝ፣ ነገ እተካልሻለሁ።"

"በምን ሊተኩት ነው እትዬ?"

ጣሪያው እስኪነቀል ተሳቀ። አለቃው ቧንቧው ጋ ሄዶ አፉን ሲጉመጠመጥ ማየት ነበር አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ማሙሽ ሆነ። "ማሙሽ ጠገበ?" "ማሙሽን ማን ያስገሳው?" ሲሉት ይሰማል፤ ማን እንዳለው ግን አይያዝም። በሳቁት ላይ አቅም ስላጣ ዞሮ ሙሽሪት ላይ ወጣ። ቁልፉን ተቀበላት። "ይህን ነገር ሁለተኛ በዚህ ግቢ እንዳላይ! ማተሚያ ቤት ነው ይሄ፣ በረት አይደለም" አላት።

እቤት መጥታ ስትነግረኝ መጀመሪያ አብረን ሳቅን፤ እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅኩት። ቁልፉ ጋ ስትደርስ ግን ሳቋን ትታ ማለቢያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ከዚያ በኋላ የምታልበው መጸዳጃ ቤት ቆማ ሆነ፤ በሩ እየተንኳኳ፣ በአንድ እጇ መቀርቀሪያውን ይዛ። አንዳንዴ ቦታ አጥታ ስለምትውል ጡቷ አጋቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ትመጣለች። ብልቃጡ ከሙሉ ወደ ግማሽ ወረደ፣ ከግማሽ ወደ ታች። ጡት እንደሆነ የሚያዝዘው ሰው የለም፤ ፊት እንደነሱት እንግዳ ይሸሻል። እኔም ጡጦውን ወደ መስኮቱ አንስቼ አያለሁ፣ አስቀምጬ ደግሞ አነሳለሁ፤ በማየት ይጨምር ይመስል።

ያንተ መልእክት የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከባለፈው በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው። ሳትደውል ቀርተህ ስንጠብቅህ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በራ። ድንቡሼን እያጠባች ነበርና "እጄ ተይዟል፤ እስቲ ያንብቡልኝ እማማ" አለችኝ፤ ደስ ብሏት። አነባበቤን ታውቃለህ። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ ካላልኩት አይገባኝም። ምን እያልኩ እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። "የሰው መሳቂያ አታድርጊኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር አቁሚ። ልጅቷ የቆርቆሮ ወተት ትጠጣ።" ልጄ፣ የጻፍከው አንተ ነህ፤ በዚህ ቤት ውስጥ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። ድንቡሼ ጡቱን ለቅቃ ማልቀስ ጀመረች። ሙሽሪት ልጅቷን ወደ ሌላኛው ጡት አዞረቻትና ግድግዳውን አየች።

ባለፈው ቅዳሜ ስትደውል "ተኝታለች" ያልኩህ አልተኛችም ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ በእጇ አይሆንም አለችኝ።

መልእክትህ በመጣ በማግስቱ ቆርቆሮውን ራሷ ገዝታ መጣች። ቆርቆሮ ክፉ ነው አልልህም። በእሱ ያደገ ስንት ጤነኛ ሰው አለ፤ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም ካስፈለገ ስጧት ብላለች። ድንቡሼ ግን ግማሹን ታስመልሰዋለች። ደግሞ እጄ አስቸገረኝ። ማንኪያውን በልኩ፣ አፉን ጠርገሽ ይላል ጽሑፉ። አነበዋለሁ፣ ይገባኛልም፤ እጄ ግን ይቆልላል። ሙሽሪት አየችና "እማማ፣ ወፈረ እኮ፤ ሆዷ ይደርቃል" አለችኝ። ዓይኔ ነው አልኳት። ዓይኔ አይደለም። ቀጭን ወተት በጡጦ ውስጥ ማየት አልችልም። እህትህን አንተ አታስታውሳትም፤ ገና ድክድክ የምትል ልጅ ነበርክ። ያኔም ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ነበረ፤ እኔም ሥራ ነበረኝ፤ አንዱ ቆርቆሮ ውሃ እየበዛበት ብዙ እንዲቆይ ይፈለግ ነበር። አባትህ ደግሞ... የሞተ ሰው አይወቀስም። ሆድ ይፍጀው።

ባለፈው ሳምንት ነርሷ ድንቡሼን ሚዛን ላይ አስቀመጠቻትና ካለፈው ምንም አልጨመረችም አለች። "አይዟችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መልሳችሁ አምጧት" አለችን። አይዟችሁ ስትለን ነው ይበልጥ የፈራሁት።

ስለዚህ ትናንት ድንቡሼን አዝዬ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። እኔ የሰው በር ላይ ቆሜ ነገር የማነሳ ሴት አለመሆኔን ታውቃለህ፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ለመጠየቅ አንተን ነበር የምልከው። አውቶቡስ ውስጥ የምለውን እየደጋገምኩ ነበር የሄድኩት፤ ስወርድ ሁሉም ጠፋኝ። የምሳ ሰዓት ነበር። በሩ ጋ አንድ ሽማግሌ ጠራዥ፣ እጁ ሙጫ እንደሆነ ፀሐይ ይሞቃል።

"ማንን ፈልገው ነው እናት?"

"ምራቴን። ማጠፊያ ማሽን ላይ የምትሠራውን።"

ድንቡሼን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ተጣራ። "አለቃ! ና ውጣ! የጡት እህትህ መጥታለች!"

አለቃው ወጣ። አንበሳ ይመጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ፀጉሩ የሳሳ፣ ፊቱ የተጨነቀ ሰው ነው የመጣው።

"አባባ፣ ይህን ቀልድ አይተውትም?"

"እንዴት ልተወው? ድሮ ሰው ለትልቅ ሰው የጡት ልጅ ልሁን ብሎ ስንት ደጅ ይጠና ነበር! አንተ ሳትለምን ሁለት ስኒ ጠጥተህ እናትህን መጸዳጃ ቤት ታቆማለህ። ጡት ነካሽ!"

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። "እናቴ፣ ሰው ጨካኝ ነው ይለኛል። የተዋረድኩት እኔ ነኝ። በገባሁበት ሁሉ ማሙሽ ነው። ሚስቴ ጋ ሳይቀር ደርሷል።"

"ባለቤትዎ ምን አሉ?" አልኩት። ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም።

"ሳቀች። ከዚያ 'ቁልፉንስ ወሰድክባት?' አለችኝ። አዎ ካልኳት ጀምሮ አታናግረኝም።"

በዚህ መሀል ድንቡሼ ማልቀስ ጀመረች፤ ሙሽሪትም ድምፁን ለይታ እየሮጠች ወጣች። ዘበኛው ክፍሉን ለቀቀልንና እዚያ ቁጭ ብላ አጠባቻት። ልጅቷ ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ትጮኻለች፤ ደግሞ ትስባለች። አለቃው ውጭ ቆሞ ይሰማ ነበር። ስወጣ ከቁልፎቹ መሀል አንዱን ፈልቅቆ እጄ ላይ አኖረው፤ ለእሷ ለመስጠት አፈረ መሰለኝ። "ፍሪጁ ግን አይሆንም፤ ሴትዮዋ ዓይኗ አያይም። በረዶ የሚይዝ ሣጥን ይዛ ትምጣ" አለኝ። ጠራዡ "ተባረክ ማሙሽ" አለው። እኔም እየመረቅኩት ሄድኩ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ።

አላለቀም። ማታ የመጣችው ባዶ ብልቃጥ ይዛ ነው።

"ቁልፉ በእጄ ነው" አለችኝ። "ክፍሉም ጸጥ ያለ ነው፣ ማለቢያውም ደህና ነው። ግን ስጨምቀው 'አቁሚ' የሚል ነገር ይሰማኛል። አይቀየሙኝና እማማ፣ የሚሰማኝ በእርስዎ ድምፅ ነው።"

ልጄ፣ ይህን ሰምቼ እንዴት እንዳደርኩ አልነግርህም።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ስታደርግ "ልጄ ደውሎ ነበር" አልኳት።

"መቼ?"

"ቅድም፣ ገላሽን ስትታጠቢ። በእኔ ስልክ።"

"በሥራ ቀን? ኔትወርኩን ከየት አገኘው?"

"እኔ እንጃ። ሲቆራረጥ ነበር።"

"ምን አለ?" ቀና ብላ አላየችኝም፤ የጫማዋን ማሰሪያ እንደያዘች ነው።

እኔም ይህን አልኳት። ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ልታውቀው ይገባሃል። "'ያን የጻፍኩት ሰው ስቆብኝ ተናድጄ ነው፤ ይቅር ትበለኝ። ወተቷ የልጄ ምግብ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። እስከቻለች ትቀጥል። ሲደክማት ደግሞ ትተወው፤ በሁለቱም አልቆጣትም። አይዞሽ በያት' ብሎሻል።"

ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ። ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረውን ቃል ለሌላ ሰው ለመስጠት ብዙ አያስብም።

"አይዞሽ በያት አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"እሱ ራሱ?"

"እሱ ራሱ።"

ቦርሳዋን እንዳነገተች ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አውቶቡሱ አመለጣት። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ሄደች፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልኩን አቅፌ ተንቆራጠጥኩ። የማስበው ሁለት ነገር ነበር፤ ወተቱ ባይመጣስ? ቢመጣስ? ከምሳ በኋላ ደወለች። መጋዘን ውስጥ ስለነበረች በሹክሹክታ ነው። "እማማ፣ ሞላ! ክዳኑን ስከድነው ፈሰሰ!" አለችኝ። "ተመስገን" አልኳት። ከዚያ "ቅዳሜ ሲደውል እኔ ነኝ የማነሳው፤ አመሰግነዋለሁ" አለችኝ።

ይኸው ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ልጄ፣ በአፍህ ገብቼ ስለተናገርኩ ይቅር በለኝ። እንድትሸፍንልኝ አይደለም የምለምንህ። የሚያሳዝነኝ አንተ ይህን ከልብህ ልትለው የምትችል ልጅ መሆንህን ስለማውቅ ነው፤ ስታሳድጊኝ ያላየሁትን አልልም ብትለኝም እውነትህን ነው። ቃሉ ካልከበደህ ውሰደውና ያንተ አድርገው። ከከበደህ ግን በዚህ ቅዳሜ አትደውል። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው እላታለሁ፤ አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ሁለተኛው አይከብደኝም። የምፈራው ስትደውልና ቀዝቅዘህ ስታናግራት ነው። ወተቱ ከዚያ በኋላ አይመለስም፤ ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት።

ፈጣሪ ከመንሸራተትና ከድንጋይ ናዳ ይጠብቅህ። እህል ውሃህን ይባርክልህ፤ ደረትህን ያድንልህ። ልጅህን አቅፈህ ለመሳም ያብቃህ። የቆጠብኩልህ ምርቃት ካለ ሁሉም ላንተ ይሁን።

አደራህን፣ አፈር ስሆንልህ፣ ስታመሰግንህ "ለምኑ?" እንዳትላት።

እናትህ